ሮምን ከእታለም ጋር

እንደምን አመሻችሁ። በዚ ዝናብ ይሄን ያህል ሰው ይመጣል ብዬ አልጠበኩም፣ እግዜር ይስጥልኝ። ስላይድ ምናምን አላዘጋጀሁም፣ ፎቶዎቹ ስልኬ ላይ ናቸው፣ ስንጨርስ ሻይ ላይ የፈለገ ያያል። አንድ ነገር ብቻ ቀድሜ ልበል፣ አመተ ምህረት ስጠራ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፣ እዛ ድንጋዩም ግድግዳውም ላይ የተፃፈው እንደዛ ስለሆነ መቀላቀል አልፈለኩም።

ስለ ሮም አውሪልን ስትሉኝ ስለ አክስቴ ሳላወራ አልችልም። የእናቴ ታላቅ እህት ናት፣ እናቴ እታለም እያለች ስለምትጠራት እኛም ልጆቹ ሁላችንም እታለም ነው ምንላት። ሮም ከገባች 36 አመቷ ነው። እንደብዙዎቹ የዛን ጊዜ ሴቶቻችን ሰው ቤት ነው የሰራችው፣ መጀመሪያ ልጅ በመጠበቅ፣ በሁዋላ ደሞ አልጋ ላይ የዋሉ አዛውንቶችን በመንከባከብ። እና ጣሊያን ሀገር የቤት ሰራተኛ በልማድ ምታርፈው ሀሙስ ከሰአት እና እሁድ ነው፣ ስለዚ እታለም ሮምን የምታውቃት በሀሙስ ከሰአት እና በእሁድ ነው ማለት ነው፣ እሁድ ቤተክርስቲያን፣ ሀሙስ ደሞ ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ አካባቢ ከሀገሯ ልጆች ጋር፣ ደብዳቤ ለመቀባበል፣ ብር ለመላክ፣ በቃ ለመተያየት። አሁን ጡረታ ወጥታለች ግን ሀሙስ ሲሆን ዛሬም ልብሷን ቀይራ ትወጣለች።

የገባሁ ቀን ማታ እራት እየበላን፣ እታለም ኮሎሲየም ውስጡ ምን ይመስላል ብዬ ጠየኳት፣ እውነት ለማወቅ ነው የጠየኩት፣ መመሪያ መፅሀፍ ከማነብ እሷ ትንገረኝ ብዬ። "እኔ ምን አውቃለሁ የኔ ልጅ፣ ከአውቶቢስ ነው የማየው" አለችኝ። 36 አመት! በየሳምንቱ በአጠገቡ አልፋለች፣ ገብታ ግን አታውቅም። የትሬቪን ፏፏቴ አንዴ አይታዋለች፣ ያውም የምትጠብቀው ልጅ በእጇ ይዛ ሲቸኩሉ። ፓንቴዮን የሚባለውን የጥንት ሮማውያን ቤተ መቅደስ በስም እንጂ አታውቀውም። እኔ ደሞ ስድስት ቀን ነበረኝ፣ ዝርዝሬን ይዤ ሄጄ ነበር፣ እዛው ጠረጴዛው ላይ ቀደድኩትና በቃ እታለም ነገ ሁለታችንም ቱሪስት ነን አልኳት። ሳቀች፣ ከዛ ተነስታ ጫማ መምረጥ ጀመረች።

የጀመርነው ከተርሚኒ ነው ምክንያቱም እሷ ሁሉን ነገር የምትጀምረው ከዛ ነው። ጣቢያው ፊት ለፊት ያለው ትልቁ አደባባይ ስሙ ፒያሳ ዴይ ቺንኩዌቼንቶ ይባላል፣ የአምስት መቶዎቹ አደባባይ ማለት ነው፣ አምስት መቶዎቹ እነማን እንደሆኑ ታውቃላችሁ? በ1887 ዶጋሊ ላይ ራስ አሉላ የደመሰሳቸው የጣሊያን ወታደሮች ናቸው። በቀን ስንትና ስንት ሺ መንገደኛ ሻንጣውን እየጎተተ ያልፍበታል። የመታሰቢያቸው ሀውልት ከአደባባዩ ትንሽ ገባ ብሎ ዛፍ ስር ነው ያለው፣ ከአዲስ አበባ ተዘርፎ የሄደው የይሁዳ አንበሳ ሀውልትም እዛው ነበር የቆመው፣ ዘርዓይ ደረስ በ1938 ቁጣው የገነፈለው በዛ ነው። አንበሳው ተመልሶ ለገሀር ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት ቆሟል፣ ስታልፉ ታዩታላችሁ። እታለም ለሀገሯ ልጆች ቀጠሮ ስትሰጥ አሁንም "ዶጋሊ ጋ" ነው የምትለው።

ከዛ ቡና። እዚጋ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም በጣም ነው ደስ ያለኝ። ሮም ውስጥ ቡና የሚጠጣው ባንኮኒው ላይ ቆሞ ነው፣ ሁለት ሶስት ጉንጭ ነው አልቆ ይወጣል፣ ከተቀመጥክ ዋጋው ይጨምራል። ማኪያቶ አዘዝኩ፣ የመጣልኝ በጣት የምትያዝ ትንሽዬ ስኒ ውስጥ ጥቁር ቡና፣ ላዩ ላይ ጠብ ያለች ወተት። እታለም "ማኪያቶ እኮ ነጠብጣብ ያለበት ማለት ነው፣ የኛ ሰው ነው ወተቱን ያበዛው" አለችኝ፣ እኔ እድሜዬን ሙሉ ስጠጣው ትርጉሙን አላውቅም ነበር። ከዛ በሁዋላማ ቀኑን ሙሉ ጨዋታችን እሱ ሆነ፣ አውቶቢስ መቆሚያው ላይ ፌርማታ ይላል፣ የገበያው በር ላይ መርካቶ ይላል፣ አደባባዩ ሁሉ ፒያሳ ነው፣ ካልሲ፣ ቦርሳ፣ ካፖርት፣ ፋብሪካ፣ ቢራ፣ የማነበው ነገር ሁሉ የምናውቀው ነው። አያቴ መካኒክ ነበር እና እታለም ያደገችው ጋራዥ ውስጥ ነው፣ ሮም የገባች ጊዜ ውሀ ስጡኝ ማለት አትችልም ነበር፣ ግን ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ኩሽኔታ በደንብ ታውቃለች። የመጀመሪያ አሰሪዋ መኪናቸው መንገድ ላይ ቆሞባቸው ሲጨነቁ እሷ ከሁዋላ ወንበር "ካንዴላ! ካንዴላ!" እያለች ጠቆመቻቸው፣ እውነትም ካንዴላው ነበር። ይሄን ስትነግረኝ መንገድ ላይ ቆመን እስኪደክመን ሳቅን። እነዚ ቃላት እኛ ጋ የገቡበት መንገድ ብዙው የወረራው ዘመን ነው፣ ያንን መርሳት አይቻልም፣ ግን አንዲት የጋራዥ ልጅ በባዕድ ሀገር የመጀመሪያ ቃሏ አድርጋ ተጠቅማበታለች፣ ይሄም እውነት ነው።

ኮሎሲየም ቲኬት ኦንላይን ቀደም ብላችሁ ግዙ፣ እዛው እንገዛለን ብላችሁ ከሄዳችሁ ቀኑ ሰልፍ ላይ ያልቃል። በ80 ዓ.ም. ነው የተመረቀው፣ 50 ሺ ሰው ገደማ ይይዝ ነበር ይባላል፣ ቅስቶቹ ላይ በሮማውያን ቁጥር የበር ቁጥር ተቀርጿል፣ ዛሬም ይነበባል፣ ተመልካቹ በቁጥሩ ገብቶ በቁጥሩ ይወጣ ነበር። የሜዳው ወለል አሁን አብዛኛው ስለሌለ ከስር ያለው ጉድ ይታያል፣ ኮሪደሩ፣ የአውሬው ጉረኖ፣ በሰው ጉልበት እየተሽከረከረ አውሬውን ወደላይ የሚያወጣ አሳንሰር የነበረበት ቦታ። እታለም አጥሩን ይዛ ወደታች ብዙ አየች። "ከላይ ያለው ሰው ሁሉ ይሄን ከስር የሚሰራውን አያየውም ነበር አይደል?" አለችኝ። አያየውም ነበር እታለም አልኳት። ፎረሙን፣ አጠገቡ ያለውን የጥንት ሮማውያን አደባባይ ማለት ነው፣ በፍጥነት ነው ያለፍነው፣ ጥላ የለውም፣ ድንጋዩ ያቃጥላል፣ ለሷ እግርም ለኔም አልሆነም።

ውሀ ግን አትግዙ። ሮም ውስጥ በየመንገዱ ዳር አጠር ያሉ የብረት ቧንቧዎች አሉ፣ ናሶኒ ይሏቸዋል፣ ትልልቅ አፍንጫዎች እንደማለት ነው ምክንያቱም ቧንቧው ወደታች የተቆለመመ አፍንጫ ይመስላል። ከ1874 ጀምሮ ነው የተተከሉት፣ አሁን 2,500 ገደማ አሉ፣ ቀን ከሌት ቀዝቃዛ ንፁህ ውሀ ይፈሳል። አፍንጫው ጫፍ ላይ ጣታችሁን ብትደፍኑት ላዩ ላይ ባለች ትንሽ ቀዳዳ ውሀው ሽቅብ ተወርውሮ በቀጥታ አፋችሁ ውስጥ ይገባል። ይሄን ያሳየችኝ እታለም ናት፣ እሷን ደሞ ያሳያት ያ የምትጠብቀው ልጅ ነው፣ አሁን እሱም የልጆች አባት ሆኗል አለችኝ። ሁለታችንም ፊታችን ረጥቦ፣ ከሁዋላችን የተሰለፉት የጃፓን ቱሪስቶች አይተው እነሱም ሞከሩት።

ትሬቪ ማታ ሄድን፣ ቀን ከሄዳችሁ ውሀውን ሳይሆን የሰው ጀርባ ነው የምታዩት፣ ማታም ሰው አለ ግን ይሻላል። ፏፏቴው ያለቀው በ1762 ነው፣ የሚመጣለት ውሀ ግን አግሪፓ በ19 ዓመተ ዓለም ያስገባው የቧንቧ መስመር ውሀ ነው፣ ከሁለት ሺ አመት በላይ የሆነው። ልማዱን ታውቁታላችሁ፣ ጀርባህን ሰጥተህ ሳንቲም በቀኝ እጅህ በግራ ትከሻህ ላይ ትወረውራለህ፣ የወረወረ ሰው ወደ ሮም ይመለሳል ይላሉ። ሳንቲሙ ተለቅሞ ካሪታስ ለሚባለው የካቶሊኮች በጎ አድራጎት ድርጅት ነው የሚሰጠው፣ በአመት ከአንድ ሚሊዮን ዩሮ በላይ ይሆናል፣ ለድሆች ምግብ ይውላል፣ እና ስትወረውሩ አትሰስቱ። ለእታለም አንድ ዩሮ ሰጠኋት። መለሰችልኝ። "አንቺ ጣይ፣ እኔ ወዴት ልመለስ፣ እዚሁ ነኝ" አለች። ወረወርኩ። ትንሽ ቆይታ ደሞ ከቦርሳዋ የራሷን ሳንቲም አወጣችና ወረወረች፣ ምን አሰብሽ ስላት አልነገረችኝም።

ቫቲካን። ሙዚየሙን አልገባንም፣ ሰልፉ ከግንቡ ጋር ዞሮ አያልቅም ነበር፣ በኔ አስተያየት ሮም ላይ አንድ ነገር መተው ማወቅ ጥሩ ነው። ቅዱስ ጴጥሮስ ግን ገባን። እኔ ጉልላቱ ላይ ልወጣ እሷ ደሞ ከታች ልትጠብቀኝ ተስማማን፣ ከስር ከጀመርክ 551 ደረጃ ነው፣ ሊፍት ከያዝክ ይቀንሳል። ከላይ ሆናችሁ ወደ ሁዋላ ስታዩ የቫቲካን የአትክልት ስፍራ ነው፣ የኢትዮጵያ ኮሌጅ እዛ ውስጥ ነው ያለው፣ በቫቲካን ግንብ ውስጥ ማለት ነው። ከቤተክርስቲያኑ ጀርባ ደሞ የሀበሾቹ ቅዱስ እስጢፋኖስ የምትባል አሮጌ ቤተክርስቲያን አለች፣ ከ15ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የኛ መነኮሳት ከዚህ በእግር በኢየሩሳሌም አድርገው ሄደው የሚያርፉባት። አንድ ዮሐንስ ፖትከን የሚባል ጀርመናዊ መነኮሳቱ በግዕዝ ሲያዜሙ ሰምቶ ልቡ ተነካና ፊደሉን ተማረ፣ በ1513 ሮም ላይ መዝሙረ ዳዊትን በግዕዝ አሳተመ፣ በአለም ላይ በግዕዝ ፊደል የታተመ የመጀመሪያው መፅሀፍ እሱ ነው። እኛ ዛሬ በስልካችን የምንፃፃፍበት ፊደል መጀመሪያ በብረት የተቀረፀው እዛ ከተማ ነው። ይሄን ጉልላቱ ላይ ንፋስ እየመታኝ ሳስበው እንባዬ መጣ፣ አላፍርበትም።

ስወርድ እታለምን ፒዬታ ፊት ለፊት አገኘሁዋት። ሚኬላንጄሎ ገና 24 አመት ገደማ እያለ የሰራው ነው፣ ማርያም ከመስቀል የወረደ ልጇን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ በ1972 አንድ ሰው በመዶሻ ስለመታው አሁን በመስታወት ነው የሚታየው። እታለም ለቅርፅ ብዙ አትሆንም፣ እኛ በስዕል ነው ያደግነው፣ እና ቶሎ እንሄዳለን ብዬ ነበር። "እጇን እዪው" አለችኝ። አየሁት፣ ቀኝ እጇ በጨርቅ አድርጋ በብብቱ ስር ገብታ ደግፋዋለች፣ ግራዋን ደሞ ባዶውን ዘርግታ ትታዋለች። "ሰው ሲከብድ በብብት ስር ነው የሚያዘው፣ ጨርቅ ካላደረግሽ ቆዳው ይላጣል። ይሄ ልጅ የታመመ ሰው ሲነሳ አይቷል" አለች። ሀያ አመት ሙሉ የሰው እናትና አባት ከአልጋ ስታነሳ የኖረች ሴት ናት ይሄን የምትናገረው። አጠገባችን አስጎብኚ በማይክ ስለ እብነበረዱ ብዙ ያወራ ነበር፣ እኔ ግን ስለዛ ቅርፅ ዛሬ የማውቀው እታለም ያለችውን ነው።

በነጋታው ፓንቴዮን። እዚ አንድ ደስ የሚል ነገር ሆነ፣ መግቢያው ለቱሪስት በክፍያ ነው፣ ለሮም ነዋሪ ግን ነፃ ነው። እታለም መታወቂያዋን አውጥታ ስታሳይ ልጅቷ "ፕሬጎ ሲኞራ" ብላ በእጇ አሳለፈቻት፣ እኔ ከፍዬ ገባሁ፣ እሷ በር ላይ ዞራ "እኔ የቤት ሰው ነኝ" አለችኝ፣ ፊቷ ላይ ያየሁትን ኩራት ልነግራችሁ አልችልም። ቤቱ የተሰራው በንጉስ ሀድሪያን ዘመን ነው፣ 1,900 አመት ሊሞላው ነው፣ ጉልላቱ ያለ አንድ ብረት በኮንክሪት የተሰራ ነው፣ ስፋቱ 43 ሜትር ከፍታውም ልክ 43 ሜትር፣ ማለት አንድ ትልቅ ኳስ ብታስገቡበት ከወለል እስከ ጣራ ልክክ ይላል። መሀል ላይ ደሞ ክብ ቀዳዳ አለው፣ 9 ሜትር ገደማ ስፋት፣ መስታወት የለው፣ ክዳን የለው፣ ሰማዩ ነው። ፀሀይዋ በዛ ገብታ ግድግዳው ላይ ክብ ብርሀን ሰርታ ቀስ እያለች ትሄዳለች። እታለም ወንበር ላይ ተቀምጣ ብርሀኑን ስትከተል አንድ ሰአት ሊሆነን ነው፣ እኔ የራፋኤልን መቃብር አይቼ ዞሬ ስመጣ እሷ እዛው ናት። "ሲዘንብስ?" አለችኝ። ጥበቃው ሰምቷት ነው መሰለኝ መጥቶ ወለሉን አሳየን፣ ትንንሽ የውሀ መውረጃ ቀዳዳዎች አሉ፣ ወለሉም መሀሉ ትንሽ ከፍ ብሎ ወደ ዳር ያዘነበለ ነው፣ ዝናቡ ይገባል ከዛ ይወርዳል፣ በቃ። "ሲዘንብ ማየት ነበረብን" አለች። ሰማዩ ላይ አንድ ደመና የለም።

የመጨረሻው ቀን ሀሙስ ነበር። ሀሙስ የኔ ነው፣ እኔ ነኝ ምወስድሽ አለችኝ። ቺርኮ ማሲሞ የሚባለው ሜትሮ ጋ ወረድን፣ ፊት ለፊት ለጣሊያን አፍሪካ ሚኒስቴር ተብሎ የተጀመረው ትልቅ ነጭ ህንፃ አለ፣ አሁን የተመድ የምግብና እርሻ ድርጅት ዋና መስሪያ ቤት ነው። እዛ አደባባይ ላይ ነበር የአክሱም ሀውልት የቆመው። በ1937 ተወስዶ፣ በ1947 ይመለስ ተብሎ ተፈርሞ፣ የተመለሰው በ2005 ነው፣ ሶስት ቦታ ተቆርጦ በሶስት በረራ በአንቶኖቭ፣ አክሱም ላይ መልሶ የቆመው ደሞ በ2008። 24 ሜትር፣ 160 ቶን ገደማ። እታለም እና ጓደኞቿ ሀሙስ ሀሙስ አየሩ ጥሩ ከሆነ ሳሩ ላይ ተቀምጠው ዳቦ ይበሉ ነበር ስሩ፣ "የሀገር ሰው ጠይቀን እንደመምጣት ነበር" አለችኝ። ሲፈታም ብረቱ ተተክሎበት አይታለች። አሁን ቦታው ላይ በ2001 ሴፕቴምበር 11 በኒውዮርኩ ጥቃት ለሞቱት ሰዎች መታሰቢያ የተደረጉ ሁለት አምዶች አሉ፣ ከዛ ውጪ መኪና ነው። ባዶውን አየር እያየች "ሮም ውስጥ ባዶ ሆኖ ደስ የሚለኝ ቦታ ይሄ ብቻ ነው" አለች።

ከዛ ቀስ ብለን በቪያ ዲ ሳን ግሬጎሪዮ ወረድን። አቤ በ1960 ሴፕቴምበር 10 ማታ የሮጠበት መንገድ ነው። የዛን ጊዜ ማራቶኑ ስታዲየም አልጨረሰም፣ ከካምፒዶሊዮ ስር ተነስቶ ቆስጠንጢኖስ ቅስት ስር ነው ያለቀው፣ ጨለማ ሆኖ ወታደሮች ችቦ ይዘው መንገድ ያበሩ ነበር። አበበ ቢቂላ እና አሰልጣኙ ኦኒ ኒስካነን መንገዱን ቀድመው አይተውት ነበር፣ የመጨረሻውን ፍጥነት የሚጨምርበትን ቦታ የመረጡት ሀውልቱ ጋ ነው፣ ከዛ የቀረው ትንሽ ስለሆነ። እስከዛ ድረስ ከሞሮኮው ራዲ ጋር ጎን ለጎን ነበሩ። ሀውልቱን ሲያልፍ ተፈተለከ፣ 2:15:16፣ የአለም ምርጥ ሰአት፣ በባዶ እግሩ፣ በ25 ሰከንድ ቀድሞ። የተዘረፈው ድንጋይ ምልክት ሆነለት። በ2010 አምሳኛ አመቱ ሲከበር የሮምን ማራቶን ያሸነፈው ሲራጅ ገና ነው፣ መጨረሻውን 300 ሜትር ጫማውን አውልቆ ሮጠው።

እኛ ያንን መንገድ በእግር ስንሄደው ሩብ ሰአት አልፈጀብንም፣ ዛፍ አለው፣ በግራ ፓላቲን ኮረብታ ነው፣ ግድግዳው ላይ ለአበበ የተደረገ የመታሰቢያ ሰሌዳ አለ። ካላወቃችሁት ታልፉታላችሁ፣ እታለም 36 አመት ስትኖር ስለመኖሩ አልሰማችም፣ እኔ ነኝ አንብቤ የሄድኩት፣ ስድስት ቀን ሙሉ እሷ ስታሳየኝ እኔ ያሳየሁዋት እሱን ነው። ስሙን በጣቷ ተከትላ አነበበች። ከዛ ነጠላዋን አስተካከለችና እልልታዋን አቀለጠችው! ሶስት ጊዜ። ሰው ሁሉ ዞረ፣ ብስክሌት የሚነዳ ልጅ ቆመ፣ አንድ ቤተሰብ ምን እንደሆነ ሳይገባው አጨበጨበ፣ እኔም አብሬያት እልል አልኩ፣ ከዛ ቅስቱ ጋ ደርሰን ጄላቲ ገዝተን ድንጋይ ላይ ቁጭ ብለን በላን፣ እሷ ፒስታቺዮ እኔ ሎሚ።

ከመጣሁ ሁለት ወር ሲሆነኝ አንድ ሀሙስ ከሰአት ደወለች። ድምፅ አይሰማም፣ ጫጫታ ነው፣ እታለም የት ነሽ እላለሁ። "ፓንቴዮን ነኝ!" አለችኝ እየጮኸች። "ዘነበ! ቀዳዳው ስር በገመድ ከልለውታል፣ ሰው ሁሉ ዙሪያውን ቆሟል፣ ዝናቡ መሀል ለመሀል ቀጥ ብሎ እየወረደ ነው፣ ቆይ ስልኩን ላስጠጋልሽ" አለችና ዝም አለች። ሰማሁት።